ሩቁን በጠዋት፦ ከጓደኞች ጋር ወደ ጢያ፣ አዳዲ ማርያምና መልካ ቁንጥሬ የአንድ ቀን ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዚያው ቀን የሚመለስ የገጠር ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በጎማ ወይም በዝናብ አይደለም፤ በቅደም ተከተል ነው። ጓደኛሞች ሦስት ሰዓት ላይ ተጠራርተው ይነሣሉ። መጀመሪያ ባገኙት ሻይ ቤት ቁርስ በልተው ሲወጡ አራት ሰዓት አልፏል። ቅርብ ያለውን ቦታ እያረፉ፣ ፎቶ እየተነሡ ይጎበኛሉ። ሩቁ ቦታ ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ በሩን የሚከፍተውም ሰው ወደ ቤቱ ሄዷል። የቀረው ሰዓት ማን እንዳስረፈደ መኪና ውስጥ ሲጨቃጨቁ ያልቃል።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ነገር አንድ ነው፦ ሩቁን በጠዋት ጨርሱ፣ ቅርቡን በመመለሻችሁ እዩ። መኪናው፣ ስንቁና መዋጮው ሁሉ ይህ እንዲሆን የሚደረግ ዝግጅት ነው።

መንገዱ የቡታጅራ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወጥታችሁ አለም ገና ላይ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ። ከከተማው የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት መልካ ቁንጥሬ 50 ኪሎ ሜትር፣ የትክል ድንጋዮቹ ቦታ ጢያ ደግሞ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ከአለት የተፈለፈለችው ቤተ ክርስቲያን አዳዲ ማርያም በሁለቱ መካከል ከአስፋልቱ ወደ ምዕራብ ተገንጥሎ በሚሄድ የጠጠር መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብላ ትገኛለች። ደርሶ መልሱ በጠቅላላው ከ200 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ከሦስቱ ቦታዎች ሁለቱ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈሩ ናቸው፤ ጢያ እ.ኤ.አ. በ1980፣ መልካ ቁንጥሬ በአቅራቢያው ካለው የባልጩት ድንጋይ ምንጭ ከባልጪት ጋር ደግሞ በ2024። ይህን ያህል ቅርስ በደጃፉ ይዞ ላሊበላንና አክሱምን ብቻ የሚመኝ የአዲስ አበባ ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

1. ቀኑን መምረጥ

ምርጡ ወቅት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። በመስከረም መጨረሻ መስኩ በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል፤ በኅዳር ጤፉ ይደርሳል፤ ከዚያ አጨዳውና አውድማው ይከተላል። መንገዱን ራሱን ለማየት ብቻ እንኳ መሄድ የሚገባው ያኔ ነው። በጥርና በየካቲት ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም አቧራው ይበረታል፤ የአዳዲው የጠጠር መንገድ ላይ መስኮት ከፍቶ መሄድ አይቻልም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ያ አካባቢ መረሬ አፈር ነውና ከአስፋልት ወጥቶ ጭቃ ውስጥ የገባ ሚኒባስ በሬ ካልተጠመደለት ላይወጣ ይችላል። በክረምት ልሂድ የሚል ካለ አዳዲን ይተውና ጢያንና መልካ ቁንጥሬን ብቻ ይይ።

ከሳምንቱ ቀናት ቅዳሜ ይሻላል። እሑድም መጥፎ አይደለም፤ ማታ ላይ ግን ከክፍለ ሀገር የሚመለሰው መኪና ሁሉ አለም ገና ላይ ይከማቻል። በሠርግ ወራት፣ ማለትም ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባሉት ሳምንታትና ከፋሲካ በኋላ፣ የሚኒባስ ኪራይ ይወደዳል፤ በዚያ ጊዜ የሚጓዝ ሰው መኪናውን ቀደም ብሎ መያዝ አለበት።

የጾሙን ነገር አትርሱት። ረቡዕና ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም ከሄዳችሁ በመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች የምታገኙት የጾም ምግብ ነው። ጾሙን ማወቅ የሚጠቅማችሁ ለምግቡ ብቻ አይደለም። በጾም ወቅት ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ግን በጠዋት ነው። በቅዳሴ ሰዓት አዳዲ ማርያም የደረሰ ጎብኚ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል፣ ደግሞም መጠበቅ አለበት። ወር በገባ በ21 ቀን የማርያም በዓል በመሆኑ ምእመናን ይበዛሉ። በዓሉን ማክበር ለሚፈልግ ሰው ደስ የሚል ቀን ነው፤ ሕንፃውን ረጋ ብሎ ማየት ለሚፈልግ ግን አይመከርም።

ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ፣ ከመነሻው ዋዜማ፣ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። መጠየቅ ያለበት መንገዱን በየቀኑ የሚመላለስበት ሾፌር ወይም እዚያው የሚኖር ሰው ነው፤ ባለፈው ወር የሄደ ጓደኛ የሚነግራችሁ ያለፈውን ወር ነው። ጥርጣሬ ካለ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት አስተላልፉት። የጢያ ድንጋዮች ብዙ መቶ ዓመት ቆመዋል፤ ለአንድ ሳምንት የትም አይሄዱም።

2. መኪናውን መያዝ

ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ለሆናችሁ ጓደኛሞች አንድ ሚኒባስ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ኮስተር ተከራዩ፤ በሁለት መኪና መሄድ ግን አይሻልም። ሁለት መኪና ማለት ሁለት ሰዓት ማለት ነው፤ አንደኛው ሁልጊዜ ሌላውን ሲጠብቅ ይውላል፣ ጨዋታውም ለሁለት ይከፈላል።

ከባለ መኪናው ጋር ስትዋዋሉ እነዚህን ነገሮች በግልጽ ተነጋገሩ፦ ነዳጁ በማን ነው? የሾፌሩ ምግብና አበል በዋጋው ውስጥ አለበት ወይ? ስንት ሰዓት ድረስ ነው የምታቆዩት? የጠጠር መንገድ እንደሚገባስ ያውቃል? የመጨረሻዋ ጥያቄ ተራ ትመስላለች፤ ዳሩ ግን የአዳዲ መገንጠያ ላይ ደርሶ «እኔ በአስፋልት ብቻ ነው የተነጋገርኩት» የሚል ሾፌር ቀኑን ሊያበላሸው ይችላል። ከዚያ ቦሎውን፣ የሦስተኛ ወገን መድኑን፣ ከከተማ ውጭ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ወረቀትና የሾፌሩን መንጃ ፈቃድ እዩ። ተጠባባቂ ጎማው ነፋስ እንዳለው፣ ክሪክና የጎማ መፍቻ መኖራቸውን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ሾፌሩ ቅር ይለው ይሆናል ብላችሁ አትፈሩ፤ ጥሩ ሾፌር እንዲህ ያለ ተሳፋሪ ይወዳል።

ሾፌሩን ከጉዞው አባላት እንደ አንዱ ቁጠሩት። ስሙን ጠይቁ፣ ምሳ አብራችሁ ብሉ፣ በእድሜ የሚበልጣችሁ ከሆነ «ጋሼ» በሉት። ምሽት ላይ ድካም ሲመጣ ሕይወታችሁ በእጁ ናት።

ሚኒባስ መከራየት አቅም የማይፈቅድላችሁ ከሆነ ወደ ቡታጅራ በሚሄድ የሕዝብ ማመላለሻ ተሳፍሮ ጢያ ላይ መውረድ ይቻላል፤ ጢያም መልካ ቁንጥሬም ከዋናው መንገድ ብዙ አይርቁም። አዳዲን ግን በዚህ መንገድ በአንድ ቀን ውስጥ መጨመር ከባድ ነው።

3. መዋጮውና ኃላፊነቱ

ሦስት ሰዎች ሹሙ፦ ገንዘብ ያዥ፣ ሰዓት ጠባቂና የስንቅ ኃላፊ። ገንዘብ ያዡ መዋጮውን ከጉዞው በፊት ይሰብስብ። «እዚያው እከፍላለሁ» የሚል ሰው ስሙ ይመዝገብ፤ ቦታው ግን ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ የእርሱ አይደለም። ከኪራዩና ከምግቡ ሌላ ለመግቢያ፣ ለአስጎብኚ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋትና ለድንገተኛ ወጪ የሚሆን ተጨማሪ ይያዝ። ቴሌብር ሁሉም ቦታ ይሠራል ብላችሁ አትተማመኑ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሠራው ጥሬ ብር ነው፣ እርሱም ዝርዝር ቢሆን ይመረጣል።

ሰዓት ጠባቂው ጉዞውን የሚያድን ሰው ነው። ከጓደኞቻችሁ መካከል ቁጣ የማይፈራውን፣ ቢቻል መምህር የሆነውን ምረጡ። ሥልጣኑም ይታወቅለት፦ «እንነሣ» ሲል ቡና የቀረበለት እንኳ ይነሣል።

እያንዳንዱ ሰው መታወቂያ ይያዝ፤ በየኬላው ሊጠየቅ ይችላል። ከውጭ አገር የመጣ ጓደኛ ካላችሁ ፓስፖርቱን ወይም የመኖሪያ ፈቃዱን ይዞ ይምጣ። ከዚህ ሌላ ባርኔጣ፣ የተዘጋ ጫማ፣ ለጠዋቱ ብርድ ሹራብ፣ ለሴቶች ነጠላ፣ ለሁሉም ትንሽ የእጅ ባትሪ ያስፈልጋል። ባትሪው ለሁለት ቦታ ይጠቅማል፤ ወደ ኋላ እናየዋለን።

4. ስንቁ

በመንገድ ላይ ምግብ ቤት ፍለጋ ቀንን ይበላል። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ አገልግል ያዙ።

የዛሬ ልጆች አገልግልን በሠርግ ፎቶ ላይ ብቻ የሚያዩት ጌጥ አድርገውታል። በእውነት ግን ለመንገድ የተፈለሰፈ ዕቃ ነው። ከሣር ተሰፍቶ በቆዳ የተለበጠ፣ ክዳኑ በጠፍር የሚታሰር፣ በበቅሎ ተጭኖ ቢነቀነቅ የማይፈስስ የምግብ መያዣ ነው፤ የሚኒባስ ጉዞ ለእርሱ ምቾት ነው። ቤት ውስጥ የሌላችሁ አስቀድማችሁ ብታዝዙ አገልግል ሞልተው የሚሸጡ ባለሙያ ሴቶች በአዲስ አበባ አሉ። ለአሥር ሰው ምን ያህል እንደሚበቃ ከእናንተ በተሻለ ያውቃሉና ምክራቸውን ተቀበሉ።

ውስጡ የሚገባው ነገር በሙቀት የማይበላሽ፣ መረቁም ያልቀጠነ መሆን አለበት። ከሥር እንጀራው ይነጠፋል፤ በላዩ ወፈር ያለ ምንቸት አብሽ፣ ጥብስ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ውኃው በደንብ የተንጠፈጠፈ ጎመን ይደረደራል፤ አይቡ ለብቻው ይታሸጋል። ቋንጣ ፍርፍር የመንገድ ምግብ ንጉሥ ነው፤ ቀዝቅዞ እንኳ አይከፋም። በጾም ቀን ወፈር ያለ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች በካሮትና ጥቅል ጎመን ይበቃል። ጥሬ ክትፎ በመኪና ይዞ መሄድ ግን አይገባም። ሥጋው ከስድስት ሰዓት ጉዞ በኋላ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ለመንገዱ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ሙዝ ይጨመር። ጭኮ የሚሠራ ዘመድ ያለው ሰው ካለ ይለመን፤ አንድ ጉርሻዋ እስከ ምሳ ታቆማለች። ቡና በፔርሙስ፣ ውኃ በጀሪካን። የፕላስቲክ ጠርሙስ ካበዛችሁ ስትመለሱ የሚሰበስበው ሰው ከአሁኑ ይታወቅ፤ የቆሻሻ ከረጢትም ይያዝ። የገበሬ ማሳ ውስጥ የተጣለ ፌስታል ከብት ይውጠዋል፣ ከብቱም ይሞታል።

5. መነሣት

መገናኛው አንድ ቦታ ይሁን፤ ጀሞ ወይም አየር ጤና አካባቢ ለዚህ መንገድ ይመቻል። በየሰፈሩ እየዞሩ ሰው መልቀም አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ቀጠሮው ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ45፣ መነሻው 12 ሰዓት ይሁን። «መንገድ ላይ ነኝ» የሚል ጓደኛ ሲደውል አልጋው ላይ ሆኖ ሊሆን ይችላልና ሰዓት ጠባቂው «የት ጋ?» ብሎ ይጠይቀው፤ መልሱን ከድምፁ ታውቁታላችሁ።

በዚህ ሰዓት ከወጣችሁ የጭነት መኪናው ሳይበዛ አለም ገናን ታልፋላችሁ። የፉሪና የወጨጫ ተራሮች ጉም ለብሰው ይታያሉ። ከተማው ካለቀ በኋላ ሾፌሩ መንዳት የሚገባው እንደ ባዶ መንገድ አይደለም፤ ንጋት ላይ ከብቱ ወደ ግጦሽ፣ አህያው ወደ ወፍጮ፣ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዚሁ አስፋልት ነው። የገበያ ቀን ሲሆን ይህ ሁሉ በእጥፍ ይጨምራል።

በመንገዳችሁ መልካ ቁንጥሬን፣ ቀጥሎም የአዳዲን መገንጠያ ታልፋላችሁ። አትቁሙ! እዚህ ላይ «መጀመሪያ ይቺን አየት አድርገን…» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ «ስንመለስ» ነው።

6. ጢያ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አራት

ጢያ በሶዶ ጉራጌ ምድር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አዳዲ ለመግባት በባዶ ሆዱ ከሚቆየው በቀር መጀመሪያ ትኩስ ሻይ ጠጡና ከዚያ ወደ ትክል ድንጋዮቹ ሂዱ። በአካባቢው የሠለጠነ አስጎብኚ አለ፤ ቅጠሩት። ጉብኝት አካባቢውን መጥቀም የሚችለው በዚህ ነው፣ ደግሞም ያለ እርሱ ብዙ ነገር ሳታዩ ታልፋላችሁ።

በቦታው 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ከእነዚህ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። በሶዶ አካባቢ ከሚገኙ 160 ያህል ተመሳሳይ ቦታዎች ዋነኛው ይህ ነው። በድንጋዮቹ ላይ ሰይፎች፣ ክብ ምልክቶች፣ ቅርንጫፍ ያለው ተክል የሚመስል ምልክትና ጡት የመሰሉ ቅርጾች ይታያሉ። ከሥራቸው መቃብር እንዳለ በቁፋሮ ታውቋል። የአገሬው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ሲላቸው ትሰማላችሁ፤ ተመራማሪዎች ግን ከእርሱ ዘመን በፊት የነበሩ ናቸው ይላሉ። የሰይፎቹ ቁጥር ሟቹ የገደላቸውን ጠላቶች ያሳያል የሚል ማብራሪያም አስጎብኚው ሊነግራችሁ ይችላል። ያምራል፤ ግን የምልክቶቹ ትርጉም አብዛኛው እስከ ዛሬ አልተፈታም። ይህ ደግሞ ለጓደኛሞች ክርክር ከበቂ በላይ ነው።

ጠዋት ለምን እንደመጣችሁ የሚገባችሁ እዚህ ነው። ቅርጾቹ ጥልቀት የላቸውም። ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ስትሆን ድንጋዩ ጠፍጣፋና ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ በጠዋት ግን ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ከጎን ሲመታው የሰይፉ ስለትና እጀታ በጥላ ተለይተው ይወጣሉ። ጥላ ውስጥ የቀረ ድንጋይ ካለ የእጅ ባትሪውን ድንጋዩን አስጠግታችሁ ከጎን አብሩበት፤ ቅርጹ ወዲያው ይነበባል። ፎቶ የምታነሡትም እንዲሁ ነው፦ ፊት ለፊት ከሚፈነጥቅ ፍላሽ ይልቅ ከጎን የመጣ ብርሃን ይሻላል። ድንጋዮቹን አትደገፉ፣ አትቀመጡባቸው፣ ቅርጹንም በጠመኔ ወይም በውኃ ለማጉላት አትሞክሩ።

እዚህ አንድ ከባድ ውሳኔ ይጠብቃችኋል፦ ክትፎ። የሶዶ ጉራጌ አገር መጥቶ ክትፎ በቆጮ ሳይበላ መሄድ ለአንዳንዱ ጓደኛ ወንጀል ነው። ችግሩ ቀጣዩ ቦታ ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ነው፤ ብዙ ምእመናን ከበሉ በኋላ ወደ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ አዳዲን ገብቶ ማየት የሚፈልግ በባዶ ሆዱ ይቆይ፣ ክትፎ የመረጠ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑን ከውጭ ይሳለም። ይህን በዋዜማው ተነጋገሩ እንጂ ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆማችሁ አትከራከሩ። ክትፎውን የመረጡ ሰዎች ካሉ ገና እንደደረሳችሁ ትእዛዝ ስጡ፤ ከጉብኝቱ ስትመለሱ ይደርሳል።

7. አዳዲ ማርያም፣ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል

ከጢያ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ስትመለሱ መገንጠያው በግራ በኩል ነው። የጠጠሩን መንገድ ሾፌሩ ቀስ ብሎ ይንዳ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በዚህ በኩል የአካባቢው ሰው አፋን ኦሮሞ ይናገራል። «አካም» ብሎ ሰላምታ መስጠትና «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን ብዙ በር ይከፍታል።

አዳዲ ማርያም ከአንድ አለት ተፈልፍላ ከመሬት በታች የተሠራች ቤተ ክርስቲያን ናት። ትውፊት ከንጉሥ ላሊበላ ጋር ያያይዛታል፤ አሠራሯም የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያስታውሳል። ከላሊበላዎቹ ጋር በጥራት ለማወዳደር የሚመጣ ሰው ሊያዝን ይችላል። የመሮው ምት በግድግዳው ላይ ሻካራ ሆኖ ይታያል፣ መተላለፊያዎቹ ጠባብ ናቸው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ለእኔ ግን ውበቷ ይኸው ሻካራነቷ ነው፤ የፈለፈላትን እጅ በቅርብ ታሳያለች። ዛሬም የሚቀደስባት ቤተ ክርስቲያን እንጂ ቤተ መዘክር አለመሆኗንም አትርሱ።

ከመግባታችሁ በፊት ካህን ወይም የደብሩን ኃላፊ ፈልጋችሁ «አባ» ብላችሁ ተሳለሙ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ የመግቢያውን ክፈሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ሴቶች ነጠላ ይልበሱ፣ ወንዶች ባርኔጣ ያውልቁ፣ ጫማ ውጭ ይቀራል፤ ድንጋዩ ይቀዘቅዛልና ወፍራም ካልሲ አይጠላም። ወንዶችና ሴቶች የሚገቡበት በር ሊለያይ ስለሚችል ዝም ብላችሁ አትግቡ፣ ጠይቁ። ሌላ እምነት ያላቸው ጓደኞች ካሉ ይህንኑ ለካህኑ ነግሮ ማስፈቀድ ነው፤ ደብቆ ከመግባት ጠይቆ ውጭ መቅረት ይከበራል። ባትሪው ሁለተኛ ሥራውን እዚህ ያገኛል። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ወለሉም ወጣ ገባ ነው። ባትሪውን ወደ እግራችሁ አብሩ እንጂ በሚጸልይ ሰው ፊት ላይ አታብሩ። ፎቶ በፈቃድ ብቻ ነው፣ መቅደሱን ግን በጭራሽ።

ልጆች ይከተሏችኋል። ብርና ከረሜላ አትበትኑ፤ ተጫወቱ፣ ስማቸውን ጠይቁ። መርዳት የፈለገ ሰው ለትምህርት ቤቱ ወይም ለሰበካ ጉባኤው ይስጥ።

8. ምሳ

ወደ አስፋልቱ ወጥታችሁ እስከ መልካ ቁንጥሬ ሂዱ፤ አገልግሉ የሚፈታው እዚያ አካባቢ ጥላ ፈልጋችሁ ነው። ከቅርሱ አጥር ውጭ ይሁን። የሰው ማሳ ዳር ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ አላፊ አግዳሚውንም «እንብላ» በሉ። የምትታጠቡበት ውኃ ከጀሪካን ይሁን እንጂ ከአዋሽ ወንዝ አይሁን፤ ለዋናም አትግቡበት። ዳርቻው ገደላማ ነው፣ የውኃውም ንጽሕና አያስተማምንም።

9. መልካ ቁንጥሬ፣ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል

ጠግበው የመጡ ሰዎች እዚህ ቦታ ላይ «ድንጋይ ነው እንዴ የምናየው?» ማለታቸው አይቀርም። አዎ፣ ድንጋይ ነው። ግን ሰው ወይም የሰው ዘር አባት ያነሣው፣ የመታው፣ የሳለው ድንጋይ ነው፤ ከእነዚህ አንዳንዱ ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ይጠጋዋል። እዚህ ላይ አስጎብኚ ማግኘት ከየትኛውም ቦታ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ የሚያስረዳ ከሌለ ጉድጓድና ጠጠር ብቻ አይታችሁ ትመለሳላችሁ።

ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1963 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጄራርድ ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ቁፋሮውን ጀመረ፤ ምርምሩ በኋላ በጣሊያን ተመራማሪዎች ቀጥሏል። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 እስከ 2,200 ሜትር ከፍ ያለ ነው። የጥንት ሰው ቅሪት በአብዛኛው የሚነገርለት ከአፋር ቆላ ነውና በዚህ ብርዳም ደጋ ላይ ያን ያህል ዘመን መኖሩ ለተመራማሪዎች ትልቅ ጉዳይ ነው። ዘመኑ እንዴት ታወቀ ብትሉ በዙሪያው የነበሩ እሳተ ገሞራዎች በየጊዜው የተፉት አመድ ነው ምስክሩ። አመዱ ደለሉን በንብርብር እየሸፈነ ሄዷል፤ የንብርብሩ ዕድሜ ሲለካ በመካከሉ ያለው መሣሪያና አጥንት ዕድሜም ይታወቃል። አዋሽ ደግሞ ይህን ንብርብር እየቦረቦረ ከፍቶ አሳየው።

ጎጆ መሰል ትናንሽ ቤቶች ውስጥ ያለውን ሙዚየም መጀመሪያ እዩ፣ ከዚያ ክፍት ወደሆነው የጎምቦሬ ቁፋሮ በእግር ሂዱ። በዚህ አካባቢ ከድንጋይ መሣሪያና ከእንስሳት አጥንት ሌላ የጥንት የእግር ዱካ ተገኝቷል። እንደ ጥቁር ጠርሙስ የሚያብለጨልጨውን ባልጩት ልብ በሉ። ምንጩ ከዚህ ወደ ሰሜን 7 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ባልጪት ነው፤ የጥንት ሰዎች ከሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ይህን ድንጋይ መሣሪያ ሠርተውበታል።

እና እባካችሁ፣ አንዲት ስንጣሪ እንኳ ኪሳችሁ አትክተቱ። መሬት ላይ ወድቃ ያገኛችኋት ቅርስ ናት። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ከቦታው አንሥቶ መውሰድ ያስጠይቃል፤ ከሕጉም በላይ ድንጋዩ ከተነሣበት ቦታ ከተለየ ለተመራማሪ ምንም አይናገርም። በመንገድ ዳር ባልጩት ይዘው የሚመጡ ልጆች ካሉም አትግዟቸው። መግዛት ቁፋሮውን እንዲበረብሩ መቅጠር ነው።

አርኪዮሎጂ ያልጣመው ጓደኛ ድልድዩ አጠገብ ሄዶ አዋሽን ይይ። በጊንጪ አካባቢ የሚነሣው ይህ ወንዝ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል።

10. መመለስ

ሰዓት ጠባቂው ዘጠኝ ተኩል ላይ ያስነሣችሁ፤ ቢዘገይ አሥር ሰዓት ነው። ከዚያ ካለፈ አለም ገና ላይ የሚጠብቃችሁ የመኪና ሰልፍ ቀኑን ሙሉ ያተረፋችሁትን ሰዓት ይበላዋል፤ ለሾፌሩም በጨለማ፣ መብራት በሌላቸው ጋሪዎችና ከብቶች መካከል መንዳት ይሆንበታል። ቀኑ ካጠረባችሁ የሚቀነሰው መልካ ቁንጥሬ ይሁን። 50 ኪሎ ሜትር ብቻ ነውና ሌላ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ሩቁን ያስቀደማችሁትም ለዚህ ነው።

ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን መኪናው ገና እየሄደ ሳለ ይንገር፦ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ተረፈ። የተረፈው ካለ ለሾፌሩ ጉርሻ ይሁን ወይስ ይከፋፈል የሚለውን ሁሉም ሰው መኪናው ውስጥ እያለ ወስኑ። ጀሞ ላይ በሩ ከተከፈተ በኋላ የሚሰበሰብ ሰው የለም። የቆሻሻውን ከረጢት፣ ባዶውን አገልግልና ፔርሙሱን ማን እንደሚወስድ ተነጋግራችሁ ውረዱ፤ አገልግሉ የተከራያችሁት ወይም የተዋሳችሁት ከሆነ በማግስቱ ታጥቦ ይመለስ።